ትንሿ ሸክላ፤ ከሙዚቃ ቤት እስከ ምናለሽ ተራ

ሸክላ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፈሩ ተነፍቶ፣ ጭቃው ተቦክቶ፣ በእሳት ተተኩሶ እንስራ፣ ጀበናና ምጣድ የሚሆነው የእጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ድምፅ የተቀረጸበት፣ መርፌ ሲነካው የሚዘፍነው ጥቁርና ዝርግ ክብ ነው። ሁለቱን አንድ ስም ብቻ ሳይሆን አንድ ዕጣም ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም ይሰበራሉ፣ ሁለቱም ባለቤታቸው ካለፈ በኋላ ከጉድፍ መካከል ተለቅመው ስላለፈው ዘመን ይመሰክራሉ።

ይሁን እንጂ ምስክርነታቸው የሚሰማበት መንገድ ለየቅል ነው። የገል ስባሪ ከጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ሲወጣ የተገኘበት ስፍራና ጥልቀት ይለካል፤ በመዝገብ ይሰፍራል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። የዘፈኑ ሸክላ ከአንድ የአዲስ አበባ ቤት ሲወጣ ግን የሚመዘግበው የለም። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ ከባዶ ጠርሙስ፣ ከተጣመመ ብረትና ከተበላሸ ራዲዮ ጋር በጆንያ ከትቶ ይወስደዋል። የጆንያውም መጨረሻ፣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ዳግመኛ ነፍስ የሚዘራበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሸክላው ከማን ቤት እንደ ወጣ፣ ማን ገዝቶት እንደ ነበረና በምን ቀን እንደ ተዘፈነበት ማወቅ አይቻልም።

ከሸክላዎች ሁሉ ይህ ዕጣ አብዝቶ የደረሰባት ትንሿ ሸክላ ናት። በአንድ ፊቷ አንድ ዘፈን፣ በጀርባዋ ሌላ ዘፈን ይዛ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትሽከረከረው ይህች ሸክላ በኢትዮጵያ የኖረችው ከዐሥር ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ነገር ግን የከተማውን ዘመናዊ ሙዚቃ ለትውልድ ያስተላለፈችው በአብዛኛው እርሷ ናት። እንዴት ተወለደች፣ እንዴት ተጣለች፣ ለምንስ ዛሬ በብዙ ዋጋ ትፈለጋለች የሚለው ጥያቄ ስለ ዕቃ ብቻ የሚጠየቅ ሳይሆን ስለ ትዝታና ስለ ባለቤትነትም ጭምር ነው።

ድምፅ መታተም የጀመረበት ዘመን

የሰውን ድምፅ ይዞ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ በ1877 በአሜሪካ የሠራው ቶማስ ኤዲሰን ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የኤዲሰን መሣሪያ ድምፅን የሚቀርጸው በሚዞር ሲሊንደር ላይ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ኤሚል በርሊነር ሲሊንደሩን ትቶ ዝርጉን ክብ መረጠ። ይህ ምርጫ ቀላል መስሎ ቢታይም ውጤቱ ታላቅ ነበር። ዝርጉ ክብ ከአንድ የብረት ቅርጽ ላይ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተጫኑ፣ በሺህ ሊባዛ ይችላል። በአማርኛ ዘፋኝ ሸክላ «አሳተመ» የሚባለውም ለዚህ ሥራ የሚስማማ አነጋገር ነው።

ኢትዮጵያ ከዚህ ፈጠራ ጋር የተዋወቀችው ብዙ ሳትዘገይ ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ በሲሊንደር የተቀረጸ የወዳጅነት መልእክት ላከች። መልእክቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ስለ ነበር ለኋላው ዘመን አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ላኩ፤ የእነርሱ መልእክት ግን ተጠብቆ ቆይቷል። ከዚህ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ የተቀረጸ ድምፅ የሚተርፈው የተናጋሪው ክብር ከፍ ስላለ ሳይሆን አንድ ሰው ይቀመጥ ብሎ ስለ ወሰነ ነው።

በዝርጉ ክብ ላይ ድምፃቸውን ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የቅኔና የዘፈን ሰው የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ በ1908 ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ሸክላ ከመነሻው በባዕድ አገር የታተመ ነው። ይህ ነገር በኋላ ዘመንም ይደገማል።

የትንሿ ሸክላ ልደት

የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ላክ ከሚባል ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የሚሠሩ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ፣ ከባድና ተሰባሪ ነበሩ። በአንድ ፊታቸውም ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ የበለጠ ድምፅ አይዙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሙጫው ከእስያ እንደ ልብ መምጣቱ ስለ ተቋረጠ፣ ቪኒል የሚባለው ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ቦታውን ለመውሰድ በር ተከፈተለት። ቪኒል ቀላል ነው፤ ሲወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፤ በላዩም ቀጫጭን መስመር ሊቀረጽበት ይችላል።

በሰኔ 1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሦ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ተወዳዳሪው አር ሲ ኤ ቪክተር ደግሞ በመጋቢት 1949 ወደ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋውን ባለ 45 ትንሽ ሸክላ ይዞ ብቅ አለ። ለመኪናው እንዲያመች ተብሎ መካከሉ ላይ የተበሳው ቀዳዳ ሰፊ ነበር። ኩባንያው በመጀመሪያ ጊዜ ሸክላዎቹን በሙዚቃው ዓይነት እየለየ ቀለም ሰጥቷቸው ነበር፤ የገጠር ዘፈን አረንጓዴ፣ የክላሲካል ሙዚቃ ቀይ፣ የሕፃናት መዝሙር ቢጫ እየሆነ ይታተም ነበር። ቀለሙ ብዙ ሳይቆይ ቀረ፤ ሸክላዋ ግን ጸናች።

የሁለቱ ኩባንያዎች ፉክክር በመጨረሻ የሥራ ክፍፍል ሆነ። ረጅሙ ድርሰት ወደ ትልቁ ሸክላ ሲሄድ፣ ነጠላው ዘፈን የትንሿ ድርሻ ሆነ። ዋጋዋ አነስተኛ በመሆኑ ወጣቱ ከኪሱ ሊገዛት ቻለ። ሳንቲም ሲገባባቸው የተመረጠውን ዘፈን የሚያሰሙት የቡና ቤት መኪኖችም ለእርሷ ተመቻቹ። ዘፈንም በበኩሉ ራሱን ለእርሷ አስተካከለ፤ መግቢያው አጠረ፣ አዝማቹ ቶሎ መጣ፣ ታሪኩ በሦስት ደቂቃ አለቀ።

ዐሥር ዓመት ያልሞላ ዘመን

በአዲስ አበባ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት ዘመናዊው ሙዚቃ የመንግሥት ተቋማት ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ቴያትር ቤቶቹም እንዲሁ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው። አድማጩም ዘፈኑን የሚያገኘው ራዲዮ ሲያሰማው ወይም በበዓል ቀን አዳራሽ ገብቶ ሲያይ ነው። የወደደውን ዘፈን ወደ ቤቱ ወስዶ በፈለገበት ሰዓት መስማት የሚችልበት መንገድ ግን እምብዛም አልነበረም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። በ1948 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላን የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር በቴያትርና በሙዚቃ ታሪክ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ ቢሆንም በሸክላ ረገድ በተሰጠው መብት እምብዛም አልሠራበትም። ከዚህም የተነሣ ወጣቱ የውጭ አገር ዘፈን እየገዛ ሲያደምጥ፣ የገዛ አገሩን ዘመናዊ ዘፈን በሸክላ ለማግኘት ተቸግሮ ኖረ።

ይህን የለወጡት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። የሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበሩት አቶ አምሃ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ፣ በ1969፣ ድንጋጌው ሳይበግራቸው «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን የሸክላ አሳታሚ አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸው የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ በአገር ውስጥ ስላልነበረ የተቀረጸው ቴፕ ወደ ሕንድ ተልኮ ታትሞ መጣ። በኋላም የሊባኖስና የግሪክ ፋብሪካዎች ተተኩ። የነጋድራስ ተሰማ ታሪክ ከስልሳ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው፤ ድምፁ የኢትዮጵያ ነው፣ ማተሚያው የባዕድ ነው።

አንድ በር ሲከፈት ብዙዎች ገቡ። ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በኢትዮጵያ ቅርንጫፉ በኩል ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በመርካቶ የሙዚቃ ቤት የነበራቸውና «ዓሊ ታንጎ» በሚል ስም የታወቁት አቶ ዓሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ ሪከርድስ»ን መሠረቱ። አምሃ ሪከርድስ ብቻውን ከ1969 እስከ 1975 ባለው ጊዜ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። የአሳታሚዎቹ ሥራ በጠቅላላው ሲደመር እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎች እንደ ወጡ ይገመታል፤ ትልልቆቹ ግን ሠላሳ ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ቁጥር በራሱ ይናገራል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው በአብዛኛው በትንሿ ሸክላ ላይ የተጻፈ ነው።

በእነዚህ ሸክላዎች ላይ የተዘፈነው በአማርኛ ብቻ አልነበረም። ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛም ተቀርጾባቸዋል። ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ ማሕሙድ አሕመድ በአማርኛም በጉራጊኛም ዘፍነዋል። ሳክስፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር የታከለበት አዲሱ ዘፈን ከክራርና ከመሰንቆ ዜማ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በቡና ቤት በራፍ ላይ የቆመ መንገደኛ በአንድ ምሽት ትዝታንም፣ ከአሜሪካ የመጣውን የሶል ሙዚቃ የሚመስል የከተማ ዘፈንንም ከአንድ ድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር።

ሸክላዋ ለሙዚቀኛውም ትርጉም ነበራት። የኦርኬስትራ ደመወዝተኛ የነበረው ሰው በስሙ የታተመ፣ ፎቶግራፉ በሽፋን ላይ የወጣ ሥራ ባለቤት ሆነ። ከዘፋኙ በስተጀርባ የነበሩትም እንዲሁ ከሸክላዋ ታሪክ ጋር ተሳሰሩ። ግርማ በየነን መጥቀስ ይበቃል። በዚያ ዘመን በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች አራት ብቻ ሲሆኑ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በብዙ ዐሥሮች ይቆጠራሉ። የአቀናባሪው ድካም በሕዝብ ዘንድ የዘፋኙን ያህል ስም ባያገኝለትም፣ ሸክላዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው የአንድን እጅ አሠራር ከሌላው መለየት አያቅተውም።

ከመደርደሪያ ወደ ጆንያ

የትንሿ ሸክላ ዘመን ያለቀው በአንድ ምክንያት አይደለም። የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳና ወታደራዊው መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የምሽቱን ዓለም አቀዘቀዘው። አቶ አምሃ በ1975 አገር ለቅቀው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ካሴት ነው። ካሴት ርካሽ ነው፤ በአገር ውስጥ፣ በሙዚቃ ቤት ጓዳ ሊባዛ ይችላል፤ ወደ ሕንድም ሆነ ወደ ግሪክ መላክ አያሻውም። ካይፋን ጨምሮ የቀሩት አሳታሚዎች ፊታቸውን ወደ ካሴት አዞሩ። ከ1978 በኋላ አዲስ ሸክላ በኢትዮጵያ መታተሙ አበቃ።

ግራሞፎን ሲበላሽ መርፌው አልተተካም። መርፌ ሲጠፋ ሸክላው ዝም አለ። ዝም ያለ ዕቃ ደግሞ በጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ይዞ አይኖርም። አንዳንዱ ቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ ለበሰ፤ አንዳንዱ የልጆች መጫወቻ ሆነ፤ አንዳንዱ ለልዋጭ ተሰጠ፤ የቀረው በቆራሌው ጆንያ ሄደ።

ይህ የአንድ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ባለ 45 ሸክላ በተወለደባት በአሜሪካም በ1980ዎቹ ውስጥ ካሴትና ኮምፓክት ዲስክ ሲነግሡ ትንንሾቹ ሸክላዎች ከየቤቱ ተጠርገው ወጡ። የሄዱትም በአብዛኛው ወደ በጎ አድራጎት የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ነበር። እነዚህ መደብሮች ረጅም ታሪክ አላቸው። ኤድጋር ሄልምስ የተባለው የሜቶዲስት ቄስ በ1902 በቦስተን ያገለገለ ልብስና ዕቃ ከባለጸጎች ቤት እየሰበሰበ፣ በድሆች እጅ እያስጠገነ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬ ጉድዊል በሚባል ስም የሚታወቀው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው። በ1865 በለንደን የተመሠረተው የመዳን ሠራዊትም ተመሳሳይ ሥራ ነበረው። በእነዚህ መደብሮች ሸሚዙ በመስቀያ፣ ድስቱ በመደርደሪያ ሲቀመጥ ሸክላው ከታች፣ ወለል ላይ፣ በካርቶን ተደርድሮ ይቀመጣል። ሸክላ ፈላጊውም በጉልበቱ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ሲገለብጥ ይታያል።

የፈላጊው ጥበብ ምንድን ነው? በአሜሪካና በእንግሊዝ ሸክላ የሚወደደው ዘፈኑ ዝነኛ ስለ ነበረ አይደለም። ዝነኛው ዘፈን በመቶ ሺህና በሚሊዮን ስለ ታተመ በየካርቶኑ ሞልቷል። ብርቅ የሚሆነው በጊዜው ገዢ ያጣው፣ በትንሽ አሳታሚ በጥቂት ቅጂ የወጣው ወይም ጭራሽ ሳይሸጥ የቀረው ነው። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 ለዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ የዘፈነው አንድ ሸክላ ለሽያጭ ሳይቀርብ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። ሳይጠፋ ከቀረው እጅግ ጥቂት አንዱ በ2009 በእንግሊዝ አገር ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ዋጋውን ከፍ ያደረጉት በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የተረሱ የጥቁር አሜሪካውያን ሸክላዎችን ፈልገው ሲጨፍሩባቸው የኖሩት ወጣቶች ናቸው። በአገሩ የተጣለው በባዕድ አገር ከበረ።

በአዲስ አበባ ግን ሕጉ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ ሸክላ ከመጀመሪያው የታተመው በጥቂት ቅጂ ነው። የተወደደው ዘፈን ደግሞ በአንድ ግራሞፎን ላይ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ስለሚጫወት፣ ባረጀ መርፌ ስለሚታረስ፣ ከጎረቤት ጎረቤት በውሰት ስለሚዞር ቶሎ ያልቃል። በሌላው ዓለም ብርቅ የሚሆነው ያልተወደደው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን የተወደደውም ከመወደዱ የተነሣ ብርቅ ይሆናል። ዛሬ አንድ የሚታወቅ የአምሃ ወይም የካይፋ ሸክላ ያለ ጭረት ሲገኝ፣ የሚያስደንቀው መገኘቱ ብቻ ሳይሆን ያ ሁሉ ሰው ሳይነካው መቅረቱ ነው።

ፈላጊዎቹ መጡ

የኢትዮጵያን ሸክላ በውጭው ዓለም ዳግመኛ እንዲሰማ ያደረገው የአንድ ፈረንሳዊ ጆሮ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 ከኢትዮጵያ የመጣ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ፤ በማግሥቱ ዓመት የሙዚቃውን ምንጭ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በካይፋ በ1975 የወጣው «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም ታትሞ ለአውሮፓ አድማጭ ቀረበ። ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የአምሃ፣ የካይፋና የፊሊፕስ ሸክላዎች በፈረንሳይ በተከታታይ ታተሙ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ በተባለው አሜሪካዊ በተሠራ ፊልም ውስጥ በገባ ጊዜ፣ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የማያውቀው አድማጭ ሁሉ ይህ ድምፅ ከየት መጣ እያለ ጠየቀ።

የዚህ ሥራ ውለታ የሚካድ አይደለም። ዝም ብለው የነበሩ ድምፆች ተሰሙ፤ የተረሱ ሰዎች ተጠሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው የቀረውና በዋሽንግተን ነዳጅ ማደያ ይሠራ የነበረው ግርማ በየነ፣ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ በ2017 የዚሁ ተከታታይ ሠላሳኛ እትም ሆኖ የወጣውን አዲስ ሥራ ለማቅረብ የበቃው ትንንሾቹ ሸክላዎች ስሙን ጠብቀው ስላቆዩለት ነው።

ነገር ግን ዝና ዋጋን አስከተለ፤ ዋጋም ሸክላውን ከአገር አስወጣ። የመጀመሪያው እትም የሆነ የኢትዮጵያ ትንሽ ሸክላ፣ እንደ ብርቅነቱና እንደ ንጽሕናው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ይታያል። ወሬው መርካቶ ሲደርስ ቆራሌው ሸክላን ከብረት ለይቶ ማስቀመጥ ጀመረ። ይህ በአንድ በኩል መልካም ነው፤ ዋጋ ያለው ነገር አይጣልም። በሌላ በኩል ግን ሸክላው ከጆንያ የሚወጣው ወደ ሻንጣ ለመግባት ሆነ። ድምፁ ተባዝቶ በዓለም ሁሉ ቢሰማም፣ የታሪኩ ምስክር የሆነው ዕቃ አንድ በአንድ ከአገሩ ይርቃል። ነገ ስለዚያ ዘመን መጻፍ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የገዛ ከተማውን ሸክላ ለማየት የባዕድ ሰብሳቢ ደጅ ሊጠና ነው።

ሸክላን ማንበብ

የአንድን ትንሽ ሸክላ ታሪክ ከራሱ ከሸክላው ማንበብ ይቻላል። በመካከሉ የተለጠፈው ክብ ወረቀት የአሳታሚውን፣ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ይዟል። የአምሃ ቁጥሮች «ኤ.ኢ.» በሚሉ የላቲን ፊደላት ሲጀምሩ የካይፋዎቹ «ኬ.ኤፍ.» በሚሉት ይጀምራሉ። ቁጥሩ የወጣበትን ተራ ስለሚያመለክት ዓመት ያልተጻፈበትን ሸክላ ዘመን ለመገመት ይረዳል። መስመሩ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ለስላሳ ስፍራ ላይ በማተሚያው ፋብሪካ የተጫረ ቁጥር ይገኛል፤ ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ የሚያይ ሰው ያነበዋል። ሁለት መልካቸው አንድ የሆነ ሸክላዎች በዚህ ቁጥር ሲለያዩ፣ አንደኛው የመጀመሪያ እትም፣ ሁለተኛው በኋላ የተደገመ ሊሆን ይችላል።

አያያዙም የራሱ ሥርዓት አለው። ቪኒል ፀሐይና ሙቀት ይጠላል፤ አጋድሞ መደራረብ ያጎብጠዋል። እንደ መጽሐፍ ቆሞ መቀመጥ አለበት። አቧራው በለስላሳ ጨርቅና ለብ ባለ ውሃ፣ ወረቀቱን ሳያረጥቡ፣ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትሎ ይጠረጋል። ባረጀ መርፌ ማጫወት ግን ሸክላውን እንደ ማረስ ነው፤ የተፋቀው ድምፅ አይመለስም።

በብዙ አሮጌ ሸክላ ወረቀትና ሽፋን ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያላተመው ሌላ ጽሕፈት አለ። የባለቤቱ ስም በእስክሪፕቶ ተጽፏል፤ አንዳንዴም የተገዛበት ቀን፣ አንዳንዴም ለማን እንደ ተበረከተ። ቡና ቤቶችም ሸክላቸው እንዳይሰረቅ ማኅተም ያሳርፉበት ነበር። በሰብሳቢ ዓይን ይህ ጉድለት ነው፤ የተጻፈበት ሸክላ ዋጋው ይወርዳል፤ ሻጩም ጽሕፈቱን ለማጥፋት ሲፍቀው ወረቀቱን ይቀድደዋል።

ለታሪክ ጸሐፊ ግን ከሸክላው ሁሉ የከበረው ይህ ጽሕፈት ነው። የዘፈኑ ድምፅ ከሌላ ቅጂ ሊገኝ፣ ተጣርቶም እንደ ገና ሊታተም ይችላል። ይህችን ሸክላ ማን እንደ ገዛት፣ በምን ዓመት፣ በየትኛው ሰፈር እንደ ተሰማች የሚናገረው ግን አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ከተፋቀ ሌላ ምስክር የለም። አቶ አምሃ እሸቴና ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አርፈዋል። ሸክላውን ያሳተሙትና የዘፈኑት እያለፉ ነው፤ ከሙዚቃ ቤት ገዝተው ወደ ቤታቸው የወሰዱትም እንዲሁ እያለፉ ናቸው።

ስለዚህ ሸክላን ማዳን የባለሙያዎች ወይም የባለገንዘቦች ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። ቆራሌው በራፍ ላይ ሲጣራ፣ ጆንያው ከመከፈቱ በፊት፣ የወረቀቱን ቁጥርና ስም በደብተር መገልበጥ ምንም ወጪ አይጠይቅም። የቤቱን እናት ወይም አባት «ይህን መቼ ገዙት? ማን አመጣው? በማን ሠርግ ላይ ተጫወተ?» ብሎ መጠየቅም እንዲሁ። ሸክላው ቢሸጥ እንኳ መልሱ አይሸጥም። ከየቤቱ የተገለበጡት ቁጥሮችና የተጠየቁት ጥያቄዎች በአንድ ስፍራ ቢሰበሰቡ፣ የኢትዮጵያ ትንሽ ሸክላ ከገል ስባሪ ያላነሰ ክብር አገኘች ማለት ነው።